ኦሪት በየሰንበቱ ስትነበብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! በወልድያና በመርሳ ከተማ፥ በሐብሩም ገጠር ሁሉ ሆናችሁ ይህን ቃል የምትሰሙ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን! ከዐቢይ ጾም ሳምንታት ሦስተኛው «ምኵራብ» ተብሎ እንደሚጠራ ታውቃላችሁ። ከእርሱ በፊት ያለው «ቅድስት» ይባላል፤ የሰንበት ቅድስና የሚነገርበት ሳምንት ነው። ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን መቆማቸው አንድ ነገር ያሳስበናል። ሰንበት ካለ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቤት ያስፈልጋል፤ ቤቱም ካለ የሚነበብ መጽሐፍ ያስፈልጋል።

ነገር ግን ምኵራብ ምንድር ነው? እኛ ሰባክያን በዚያ እሑድ አብዛኛውን ጊዜ የምንናገረው ስለ ነጋዴዎቹ፥ ስለ ጅራፉና ስለ ተገለበጠው ገበታ ነው። ያ የሆነው በኢየሩሳሌም በቤተ መቅደስ ነው። መቅደስ አንድ ብቻ ነበረ፤ መሥዋዕት የሚሠዋውም በእርሱ ነበረ። የመንደሩ ምኵራብ ግን በየከተማውና በየገጠሩ የሚገኝ፥ መሥዋዕት የማይሠዋበት፥ መጽሐፍ የሚነበብበትና ሕዝብ የሚመካከርበት ቤት ነበረ። ጌታችን ነጋዴዎቹን ከመቅደስ አስወጣ፤ በመንደሩ ምኵራብ ግን በየሰንበቱ ይገባ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የዚህን ቤት ታሪክ እንናገራለን፤ ከሰንበቴያችን ጋር ምን እንደሚያገናኘውም እናያለን።

ወደዚህ ነገር ያስገባን የደረሰብን አንድ ኀፍረት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐብሩ ውስጥ በሚገኝ አንድ የገጠር ደብር እሑድ ቅዳሴ ቈመን ነበር። ቅዳሴው ሲፈጸም የሰንበቴው ማኅበርተኞች አክብረው ጠሩንና ወደ ሰንበቴው ቤት ገባን። ዳቦው ተባርኮ ሊቈረስ ሲል፥ ከግድግዳው ሥር የተቀመጡ አንዲት እማሆይ መሬቱን በምርኵዛቸው መታ መታ አድርገው እንዲህ አሉን፤ «አባቶቼ፥ እኔ ፊደል አልቈጠርሁም። ዜማው ደስ ይለኛል፤ ቃሉን ግን አልለየውም። ዛሬ ቅዱስ ጳውሎስ ምን ብሎ ላከብን?»

እርስ በርሳችን ተያየን። ጳውሎስ ሲነበብ ከመካከላችን አንዱ ወደ ወልድያ ስለምንመለስበት መኪና ያስብ ነበር፤ ሌላው ከቅጽሩ በር ከሰው ጋር ይነጋገር ነበር፤ ሦስተኛው ድምፁን ሰምቶ ቃሉን አልያዘም ነበር። የማስተማር ሥልጣን ይዘን ለእኒያች እናት የምንመልሰው አጣን። እርሳቸው ግን ሳይቀየሙ፥ «ግድ የለም፥ ሌላ ጊዜ ስትመጡ ትነግሩኛላችሁ» አሉ። ዳቦው ተቈረሰ፤ ለእኛ ግን ጕሮሯችን አላወርድ አለን።

እስቲ አስቡት። ስልክ ሳይበዛ፥ ከአሰብ ወደብ ወይም ከጅዳ ልጅ የላከው ደብዳቤ ለእናት ሲደርስ፥ እናት ፊደል የማታውቅ ብትሆን የጎረቤት ተማሪ ትጠራ ነበር። ተማሪውም ቃል በቃል ያነብላት ነበር፤ እርስዋም «ይህችን ደግመህ በላት» ትለው ነበር። ድምፁ ያማረ ተማሪ መጥቶ ደብዳቤውን በማታውቀው ቋንቋ ቢያዜምላትና ቢሄድ ታመሰግነው ነበርን? እማሆይ «ምን ብሎ ላከብን?» ማለታቸው ትክክል ነው፤ መልእክት ማለት ለእኛ የተላከ ደብዳቤ ነውና።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን አፍርሶ የይሁዳን ሕዝብ ወደ ባቢሎን ባፈለሰ ጊዜ ሕዝቡ መሠዊያውንና መቅደሱን፥ ንጉሡንም አጣ። በእጁ የቀረው መጽሐፉና ሰንበቱ ነበር። ብዙ ሊቃውንት የምኵራብ ሥር በዚያ የስደት ዘመን እንደ ተተከለ ይገምታሉ። ከምርኮ ከተመለሱ በኋላ የሆነው ግን በነህምያ መጽሐፍ በስምንተኛው ምዕራፍ በግልጥ ተጽፏል። ሕዝቡ በሰባተኛው ወር በመጀመሪያው ቀን በውኃው በር ፊት ባለው አደባባይ ተሰበሰበ። ወንዱም ሴቱም፥ ሰምቶ ማስተዋል የሚችለውም ሁሉ መጣ። ካህኑ ዕዝራ ለዚሁ ነገር ተብሎ በተሠራ የእንጨት መድረክ ላይ ቆሞ፥ ከማለዳ ጀምሮ እስከ ቀትር ድረስ ሕጉን አነበበ። ሌዋውያኑም በሕዝቡ መካከል እየቆሙ የተነበበውን ያስረዱ ነበር። ሕዝቡ ቃሉ ገብቶት አለቀሰ። በዚህ ጊዜ የተሰጠው ትእዛዝ አስደናቂ ነው፤ ልቅሶውን ትተው እንዲበሉና እንዲጠጡ፥ ምንም ላላዘጋጀው ድሀ ደግሞ ድርሻውን እንዲልኩለት ታዘዙ። ጸሓፊው የሕዝቡን ደስታ ሲናገር ምክንያቱን አልሸሸገም፤ የተነገራቸውን ስለ ተረዱ ነው።

ምእመናን ሆይ! እነዚህን ሦስት ነገሮች በልባችሁ ያዙልን። መጽሐፍ ተነበበ፤ የተነበበው ተተረጐመ፤ ከዚያ በኋላ እንጀራው ተቈረሰ፥ ድሀውም ድርሻውን አገኘ። ምኵራብ በእነዚህ በሦስቱ የቆመ ቤት ነው።

በግብፅ ምድር ጌታ ከመወለዱ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቀድሞ በበጥሊሞሳውያን ነገሥታት ዘመን አይሁድ የጸሎት ቤቶችን እንደ ሠሩ የሚናገሩ የድንጋይ ጽሑፎች ተገኝተዋል። በ1906 ዓ.ም. ደግሞ በኢየሩሳሌም መሬት ሲቈፈር በግሪክ ፊደል የተቀረጸ አንድ ድንጋይ ወጣ። ቴዎዶቶስ የሚባል ካህን፥ አባቱም አያቱም የምኵራብ አለቆች የነበሩ ሰው፥ ምኵራብ እንደ ሠራ ይናገራል። ለምን እንደ ሠራውም ይዘረዝራል፤ ሕጉ እንዲነበብበት፥ ትእዛዛቱም እንዲጠኑበት ነው፤ ከሩቅ ሀገር መጥቶ ማደሪያ ለቸገረው እንግዳ ደግሞ ክፍሎችና የውኃ ማጠራቀሚያ አዘጋጅቶአል። ይህ ምኵራብ መቅደሱ ገና ሳይፈርስ በኢየሩሳሌም የነበረ ነው። ስለዚህ ከመቅደሱ አጠገብ እንኳ የሚኖር ሰው የንባብና የእንግዳ ቤት አስፈልጎት ነበር።

ጌታችንም ባደገበት በናዝሬት እንደ ልማዱ በሰንበት ወደ ምኵራብ እንደ ገባ ወንጌላዊው ሉቃስ በአራተኛው ምዕራፍ ጽፏል። ሊያነብ ተነሣ፤ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሰጡት፤ ገልጦ አነበበ፤ ለአገልጋዩ መልሶ ሰጠና ተቀመጠ። የሁሉም ዓይን ወደ እርሱ ተመለከተ፤ እርሱም ያነበበውን ተረጐመላቸው። ሁሉን የሚያውቅ ጌታ ለመንደሩ ሥርዓት ራሱን አስገዝቶ፥ ተራው ሲደርስ ቆሞ አነበበ። ሐዋርያትም እንዲሁ ነበሩ፤ በጲስድያ አንጾኪያ ሕግና ነቢያት ከተነበቡ በኋላ የምኵራቡ አለቆች ለሕዝቡ የሚነግሩት የምክር ቃል ካላቸው እንዲናገሩ ጳውሎስንና በርናባስን ጋበዟቸው። በኢየሩሳሌም ጉባኤ ደግሞ ቅዱስ ያዕቆብ ሲናገር ሙሴ ከጥንት ጀምሮ በየከተማው በየሰንበቱ እንደሚነበብ መሰከረ።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ70 ዓ.ም. የሮማ ሠራዊት መቅደሱን አቃጠለው። ከዚያ ወዲህ የእስራኤል ሕዝብ በዓለም ሁሉ ሲበተን የያዘው ይህንኑ የንባብ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱን ጥቂት ብንዘረዝረው አይከፋም። አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት በ54 ክፍል ከፍለው በየሰንበቱ አንድ አንድ እያነበቡ በአንድ ዓመት ይፈጽማሉ፤ በጨረሱበትም ቀን እንደ ገና ከዘፍጥረት መጀመሪያ ይነሣሉ። ከኦሪቱ ቀጥሎ ከነቢያት የተመረጠ ክፍል ይነበባል። በሰንበት ጧት ሰባት ሰዎች ተራ በተራ ይጠራሉ፤ ካህን ይቀድማል፥ ሌዋዊ ይከተላል፥ ከዚያ ከሕዝቡ ወገን ይጠራል፤ አንጥረኛውም ጫማ ሰፊውም ይደርሰዋል። ንባቡ እንዲፈጸም በጥንቱ ሥርዓት ከዐሥር ወንዶች ያላነሰ ጉባኤ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ዐሥረኛው ሰው ምንም ያልተማረ ቢሆን ካልመጣ ዘጠኝ ሊቃውንት ኦሪቱን ሊያወጡ አይችሉም። ጎረቤቱ ይፈለጋል፤ በሩ ይንኳኳል።

ሰኞና ሐሙስም እንዲሁ በአጭሩ ይነበባል። ምክንያቱን ሲናገሩ፥ እስራኤል በምድረ በዳ ሦስት ቀን ያለ ውኃ ሄዱ፤ ውኃ የተባለው ሕጉ ነው፤ ስለዚህ ሦስት ቀን ያለ ንባብ ማለፍ አይገባም ይላሉ። ሰኞና ሐሙስ በጥንት ዘመን የገጠሩ ሰው ወደ ከተማ የሚወጣበት የገበያ ቀን ነበረ። ገበሬው እህሉን ሸጦ ጨው ገዝቶ ሲመለስ ቃሉንም ይዞ ይመለስ ነበር። የመርሳና የወልድያ ገበያ ሰው ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ይረዳዋል፤ በሐብሩ ቆላ ከምንጭ ርቆ የሚኖረውም ያለ ውኃ ሦስት ቀን መሄድ ምን እንደ ሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልገውም።

ሕዝቡ ዕብራይስጡን እየረሳ አራማይስጥ በተናገረ ጊዜ ደግሞ ሊቃውንቱ ከአንባቢው አጠገብ አንድ ተርጓሚ አቆሙ። አንባቢው ከኦሪት አንድ ቍጥር ያነባል፤ ተርጓሚው ያንን በሕዝቡ ቋንቋ ይናገራል፤ ከዚያ ሁለተኛው ቍጥር ይቀጥላል። ከነቢያት ሲሆን እስከ ሦስት ቍጥር ድረስ ማስከተል ተፈቅዷል፤ ከኦሪት ግን ከአንድ በላይ አልተፈቀደም። የተቀደሰውን ቋንቋ አልጣሉም፤ ሕዝቡንም በጨለማ አልተዉም። አባቶቻችን በግእዙ ንባብ ላይ በአማርኛ ያደረጉት አንድምታ ከዚህ ጋር አንድ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ አንድምታችን በጉባኤ ቤት ቀርቶ ወደ ሰንበቴው ቤት ብዙም አለመውጣቱ ነው።

በ12ኛው መቶ ዓመት ከእስፔን ሀገር የተነሣ የቱዴላው ብንያም የሚባል አይሁዳዊ መንገደኛ በግብፅ ከተማ ሁለት ምኵራቦች አገኘ። አንዱ እንደ ባቢሎን ሥርዓት ኦሪትን በአንድ ዓመት ይፈጽማል፤ ሁለተኛው እንደ ፍልስጥኤም ሥርዓት ክፍሎቹን እየቀነሰ በሦስት ዓመት ይፈጽማል። ነገር ግን ሕጉ በተሰጠበት በዓልና ስለ ሕጉ ደስታ በሚደረግበት በዓል ሁለቱም በአንድነት እንደሚጸልዩ ጽፏል። በንባቡ ተለያዩ፤ በመጽሐፉ አልተለያዩም። በሀገራችን ስለ ሰንበት የሆነውን ስናነሣ ይህን ታስታውሱታላችሁ።

እንግዲህ ወደ ሀገራችን እንግባ። ኢትዮጵያ ስለዚህ ንባብ ከሩቅ የምትሰማ ሀገር አይደለችም። የሕንደኬ ባለሟል ጃንደረባው በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ነበረ፤ ፊልጶስም ቀርቦ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ጠየቀው። ጃንደረባውም የሚመራው ከሌለ እንዴት እንደሚያስተውል በትሕትና መልሶ ጠየቀ። የጃንደረባው መልስና የእማሆይ ጥያቄ አንድ ናቸው።

ይልቁንም በጎንደር ዙሪያ፥ በደምቢያ፥ በወገራ፥ በስሜን፥ በጸለምትና በወልቃይት ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩትን ቤተ እስራኤልን ማንሣት ይገባናል። ስለ አመጣጣቸው ሊቃውንት እየተከራከሩ ነው፤ ያ ክርክር ለዛሬው ነገራችን አያስፈልግም። የሚያስፈልገን አኗኗራቸው ነው። የጸሎት ቤታቸውን «መስጊድ» ይሉታል። የወሎ ሰው ይህን ሲሰማ የእስላም ጎረቤቱን ቤተ ጸሎት ያስባል፤ ቃሉ ግን «ሰገደ» ከሚለው የመጣ ነውና ለሁሉም ይበቃል። የሚመሩአቸውን «ቄስ» ይሏቸዋል። መጽሐፋቸው በብራና በግእዝ የተጻፈች ኦሪት ናት፤ እንደ ሌሎቹ አይሁድ የምትጠቀለል ሳትሆን እንደ እኛ በገበታ የተደጐሰች ናት። ኩፋሌና ሄኖክ ከእኛ ጋር የጋራ ሀብታቸው ናቸው፤ «ትእዛዘ ሰንበት» የሚባለው መጽሐፋቸው ደግሞ ሰንበትን እንደ ተከበረች ንግሥት ያመሰግናታል። በባቢሎንና በፍልስጥኤም ሊቃውንት የተደረሰው ተልሙድ አልደረሳቸውም ነበር። ሆኖም ሰንበትን እንደ እነርሱ የጠበቀ ጥቂት ነው።

ዓርብ ሲመሽ ቀድመው ወንዝ ወርደው ይታጠባሉ፤ ነጭ ይለብሳሉ፤ የሰንበቱ ዳቦ አስቀድሞ ይጋገራል፤ ፀሐይ ሳትገባ እሳቱ ይጠፋል። በማግሥቱ የተነሣ እሳት የለምና የቀዘቀዘውን ይበላሉ። ቄሶቹ በመስጊዱ ይጸልያሉ፥ ኦሪቱ ይነበባል፥ ዳቦው ተባርኮ ለሁሉ ይታደላል። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ፥ አስተስርዮ ከሚሉት የስርየት ጾም በኋላ በ50ኛው ቀን፥ ስግድ የሚባለውን በዓል ያከብራሉ። በዚያ ቀን ጾመው፥ አንዳንዶች ድንጋይ ተሸክመው ወደ ተራራ ይወጣሉ። ቄሶቹ ጥላ ተዘርግቶላቸው ኦሪቱን ይዘው ይወጣሉ። በተራራው ላይ ከኦሪት ዘጸአት ዐሥሩ ቃላት የተሰጡበት ክፍል፥ ከነህምያም መጽሐፍ ቅድም ያነሣነው የዕዝራ ንባብና የሕዝቡ ንስሓ በግእዝ ይነበባል፤ ከዚያም ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ይተረጐማል። ከሰዓት በኋላ በደስታ ወርደው አብረው ይበላሉ። የነህምያን መጽሐፍ ማንበብ ብቻ አይደለም፤ በውኃው በር ፊት የሆነው ሁሉ በአምቦበር ተራራ ላይ በየዓመቱ ይፈጸም ነበር።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንናገር ብናልፍ ስብከታችን ግብዝነት ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ክርስቲያን በሆነች ሀገር ስለ መጽሐፋቸው ብዙ መከራ አይተዋል። በ15ኛው መቶ ዓመት በአፄ ይስሐቅ ዘመን ያልተጠመቀ ሰው ርስት እንዳይወርስ መደረጉ በታሪክ ይነገራል፤ ከዚያ ወዲህ በአፄ ሠርፀ ድንግልና በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በስሜን ብርቱ ጦርነት ሆነባቸው። መሬት ያጣ ሰው በእጁ ያድራልና ብረት ቀጠቀጡ፥ ሸክላ ሠሩ፥ ሸማ ሠሩ። እኛም በሠሩት ማረሻ አርሰን፥ በሠሩት ድስት ቀቅለን፥ «ቡዳ» አልናቸው። «ፈላሻ» የሚለውንም ስም እነርሱ አልወደዱትም። ጌታችን ራሱ የእንጨት ሠሪ ልጅ ተብሎ በምኵራብ የተናቀ መሆኑን እያነበብን ይህን ማድረጋችን ምን ይባላል? ንባቡን ሰምተናል፤ ትርጓሜው ግን አልደረሰንም ነበር።

ብዙዎቹ ከጎንደር ተነሥተው በእግራቸው ወደ ሱዳን ሄዱ፤ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወሰዱ። በመንገድና በሱዳን መጠለያ ብዙዎች ሞቱ። ያ ዘመን ለወሎም የሞት ዘመን እንደ ነበረ ለእናንተ መንገር አይገባም፤ በዚያው ወራት ከዚህ አውራጃ ሰው እህል ፍለጋ ወደ ቆረም ይጓዝ ነበር። ሁለት ሕዝብ በአንድ ዓመት በሁለት መንገድ ወደቀ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ የሆኑ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በሁለት ቀን ውስጥ ተጓዙ። ቄሶቻቸው የግእዙን ኦሪት ይዘው ሄዱ። ዛሬ ስግድ በኢየሩሳሌም ከተማ ፊት ለፊት ባለ ኰረብታ ይከበራል፤ በ2000 ዓ.ም. የእስራኤል ምክር ቤት የሀገር በዓል አድርጎታል። በእኛ አንደበት የሚነበበው ግእዝ በዚያ ኰረብታ ላይ ይሰማል። በጎንደርና በአዲስ አበባም ገና የቀሩ ወገኖቻቸው አሉ።

የእኛስ አባቶች ስለ ሰንበት ዝም ብለው ነበርን? አልነበሩም። ከመርሳ በውጫሌ በኩል ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ሐይቅን ያያል። በዚያ በእስጢፋኖስ ገዳም አባታችን ኢየሱስ ሞዐ ከ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው አስተምረዋል፤ ለገዳሙ የሰጡት የወንጌል መጽሐፍም ታሪካቸውን ይመሰክራል። ከብዙ ዘመን በኋላ ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር ትከበር ወይስ አትከበር የሚል ክርክር ቤተ ክርስቲያንን አናወጣት። አባ ኤዎስጣቴዎስ ሁለቱን አክብሩ ብለው ስላስተማሩ ተሰደው በአርማንያ ምድር ዐረፉ። በአፄ ዳዊት ዘመን በ1392 ዓ.ም. ገደማ ደቀ መዛሙርታቸው ለጉባኤ በቀረቡ ጊዜ ተቃዋሚውን ወገን የመሩት የሐይቁ ዐቃቤ ሰዓት ሠረቀ ብርሃን ነበሩ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ታሰሩ። ንጉሡ በ1396 ዓ.ም. አስፈትተው በሥርዓታቸው እንዲኖሩ ፈቀዱላቸው። ከዚያው ከሐይቅ ትምህርት የወጡት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ደግሞ፥ መጽሐፈ ምሥጢርን በ1416 ዓ.ም. የፈጸሙት ሊቅ፥ ሁለቱን ሰንበታት ማክበር እንደሚገባ አስተማሩ። አንዱ ገዳም የተቃዋሚውም የደጋፊውም እናት ሆነ። በመጨረሻ በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጉባኤ ሰበሰቡ፤ ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤልም ተስማሙና ሁለቱ ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። የግብፁን የሁለት ምኵራብ ወሬ ያቆየንላችሁ ለዚህ ነው፤ የእኛዎቹ ከመታረቃቸው በፊት ብዙ ታስረዋል።

ሥርዓታችን ከዚያ ጥንታዊ ቤት ምን ወረሰ ብትሉ በቅዳሴ ቆማችሁ ተመልከቱ። ግጻዌ የሚባለው መጽሐፍ ለየቀኑ የሚነበበውን ወስኗል። ዲያቆኑ ጳውሎስን ያነባል፥ ንፍቁ ዲያቆን ከሐዋርያት መልእክት አንዱን፥ ንፍቁ ካህን ግብረ ሐዋርያትን ያነባል፤ ከዳዊት ምስባክ ተሰብኮ ካህኑ ወንጌልን ያነባል። በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ኦሪትና ነቢያት በየሰዓቱ ይነበባሉ። አንባቢው ብዙ ነው፥ ተራው የታወቀ ነው፥ ሕዝቡ ቆሞ ይሰማል። ይህ የምኵራብ ሥርዓት በክርስቶስ ተፈጽሞ በእኛ ዘንድ የሚኖር ነው።

ሁለተኛው እጁ ሰንበቴ ነው። ማኅበርተኛው ተራው ሲደርስ ዳቦና ጠላ፥ ንፍሮና ቆሎ ይዞ ወደ ደብሩ ይመጣል፤ ካህኑ ይባርካል፤ ነዳያንና የቆሎ ተማሪ፥ መንገደኛም ይበላል። ቴዎዶቶስ ለእንግዳ ያዘጋጀው ክፍል በእኛ ዘንድ የሰንበቴው ቤት ነው። የማኅበሩም አለቃ ስሙ ማን ይባላል? «ሙሴ» ይባላል! ቅዱስ ያዕቆብ ሙሴ በየከተማው በየሰንበቱ እንደሚነበብ ተናገረ፤ በሐብሩ ገጠር ደግሞ ሙሴ በየሰንበቱ ዳቦ ያስቈርሳል፥ ጽዋውን ለባለ ተራው ያስተላልፋል፥ የተጣሉትን ያስታርቃል፥ የቀረውን ሰው ለምን ቀረ ብሎ ይጠይቃል።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ወልድያና ወደ መርሳ በደረሰ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ወደ ደሴ ተሰደደ፤ ብዙ ሰንበቴ ተበተነ፥ ጽዋው ከማን እጅ እንደ ቀረ የማይታወቅበት ስፍራም ነበረ። በ2014 ዓ.ም. ሰዎች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የተዘረፈውን ከመቍጠር ቀጥለው ጽዋው የት እንዳለ ሲጠይቁ ሰምተናል። ስለዚህ እንጀራውን ስለ መቍረስ እናንተን ልናስተምር አንደፍርም። የጐደለው ከንባቡ ወደ እንጀራው የሚያሻግረው መካከለኛው ነገር ነው፤ የሌዋውያኑ ሥራ ማለታችን ነው። የግእዙ ንባብ ይጥፋ አንልም፤ ማንም እንዲህ ብለን እንደ ተናገርን አያውራብን። ነገር ግን ያነበበው ዲያቆን ያነበበውን በአማርኛ ቢናገር፥ ዳቦው ከመቈረሱ በፊት የአንድ ሩብ ሰዓት ያህል ቢሆን፥ ማን ይጐዳል?

ባለፈው ዓመት ወደዚያው ደብር ተመልሰን ሄድን። በዚህ ጊዜ በንባቡ ሰዓት ከቅጽር በር የቆመ ከመካከላችን አልነበረም፤ ተዘጋጅተን ገባን። ለካ የማኅበሩ ሙሴ ቀድመውናል። ዳቦው በሰፌድ ሳለ ሙሴው ጳውሎስን ያነበበውን ልጅ ጠሩት፤ ገና ጢም ያላበቀለ ዲያቆን ነው። ልጁም እያፈረ ተነሥቶ፥ ዛሬ የተነበበው ለቆሮንቶስ ሰዎች ከተላከው ከመጀመሪያው መልእክት እንደ ሆነ፥ ሐዋርያውም ለማዕድ ሲሰበሰቡ አንዱ ቀድሞ በልቶ ሲሰክር ሌላው ድሀ ተርቦ ይውላል ብሎ እንደ ወቀሳቸው በአማርኛ ተናገረ።

እማሆይ ከዚያው ከግድግዳው ሥር ነበሩ። ምርኵዛቸውን ወደ በሩ ዘርግተው፥ «እንዲያው፥ ልጄ፥ ይህ ጳውሎስ የኛን ሰንበቴ መቼ አይቶት ነው?» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ተመላ። ከመካከላችን አንዱ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ ሙሴው ግን ሰፌዱን አንሥተው ከክብር እንግዶቹ ፊት አለፉና፥ የቆሎ ተማሪዎቹና ነዳያኑ ወደ ተቀመጡበት ወደ በሩ ሄደው ከዚያ መቍረስ ጀመሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።